«ኤክሰለንት» ሲባል ከምን በልጦ ነው?

ደብረ ብርሃን ላይ ለእንግሊዝኛ መምህራን፣ ለቢሮ ጸሐፊዎችና ለአስጎብኚ ወጣቶች የተደረገ ንግግር፤ እንደተነገረ የተጻፈ።

ጤና ይስጥልኝ! እንደምን አረፈዳችሁ? የተከበራችሁ መምህራን፣ አባቶችና እናቶች፣ ከመንዝ፣ ከአንኮበር፣ ከምንጃር ድረስ ሌሊት ተነሥታችሁ የመጣችሁ እህቶችና ወንድሞች፣ እንኳን በሰላም መጣችሁ። ከኋላ የቆማችሁ ልጆች፣ ከፊት ባዶ ወንበር አለ፤ ኑ፣ ተቀመጡ። ዛሬ ቃሉን በድምፅ እያወጣን ስለምንለማመደው በደንብ መስማት አለባችሁ።

ጉዳያችን አንድ ቃል ነው። አንድ ቃል ብቻ፦ «ኤክሰለንት»። ደብተር ላይ በቀይ እስክሪብቶ ይጻፋል፤ የሥራ አፈጻጸም መሙያ ቅጽ ላይ ይገኛል፤ የሆቴል አስተያየት መስጫ ላይ አለ። ትርጉሙ ምንድን ነው ብላችሁ ተማሪ ጠይቁ፤ «እጅግ በጣም ጥሩ» ይላችኋል። መልካም። «ሱፐርብ»ስ? «እጅግ በጣም ጥሩ»። «አውትስታንዲንግ»ስ? «እጅግ በጣም ጥሩ»። «ኤክሰፕሽናል»? «ቴሪፊክ»? «ፋይን»? ያው ነው። እንግዲህ ሁሉም አንድ ከሆኑ፣ ባለቋንቋዎቹ ይህን ሁሉ ቃል ምን ይሠሩበታል?

ልነግራችሁ የመጣሁት ይህን ነው፦ እያንዳንዱ የሙገሳ ቃል በሆዱ መለኪያ ይዟል። አንዱ በከፍታ ይለካል፤ አንዱ በመለየት፤ አንዱ በመመረጥ፤ አንዱ በማስፈራት፤ አንዱ በመፈጸም። መለኪያውን ያወቀ ሰው ቃሉን ያለቦታው አያስቀምጠውም። መለኪያውን ያላወቀ ሰው ግን መዝገበ ቃላቱን በሙሉ ቢሸመድድ እንኳ ይሳሳታል። ነገሬን በሦስት እከፍለዋለሁ፦ መጀመሪያ ቃሉ ራሱ፤ ቀጥሎ ዘመዶቹ፤ በመጨረሻ ሥራ ላይ የሚያሳስቱን። የመሃለኛው ይረዝማል፤ ታገሡኝ።

እንጀምር። «ኤክሰለንት» በ14ኛው ክፍለ ዘመን እ.ኤ.አ. በፈረንሳይኛ በኩል ወደ እንግሊዝኛ የገባ የላቲን ቃል ነው። የፊተኛው ክፍል «ኤክስ» ሲሆን «ወጣ፣ ከ... አለፈ» እንደ ማለት ነው። የኋለኛው ክፍል ከፍታን ከሚያሳየው «ሴልሱስ» ከሚባለው ቃል ጋር ዘመድ ነው። ስለዚህ ቃሉ ሲፈታ «ከሌላው በላይ ከፍ ብሎ የወጣ» ማለት ይሆናል። እንግሊዞች ኮረብታን «ሂል» ይሉታል አይደል? የቋንቋ መርማሪዎች ይህንንም ቃል የሚመድቡት ከዚያው ከጥንቱ ሥር ነው። እናንተ ከ2,700 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጣችሁ የምትሰሙኝ የደብረ ብርሃን ሰዎች ናችሁ፤ በግእዝ «ደብር» ተራራ መሆኑን ታውቃላችሁ፤ ከፍታ ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ጣርማበር ላይ ቆማችሁ ደብረ ሲናን ቁልቁል ስታዩ የሚታያችሁ ነገር የ«ኤክሰለንት» መለኪያ ነው። ጣርማበር ከፍ ያለው ደብረ ሲና ከበታቹ ስላለ ነው። ይህን አትርሱ፦ «ኤክሰለንት» የንጽጽር ቃል ነው። ከበታቹ ሌላ ነገር መኖር አለበት።

በአማርኛ የቅርብ ጓደኛው «የላቀ» ነው፤ «በላጭ»ም ይሆናል። «እጅግ በጣም ጥሩ» ግን «ጥሩ»ን ሁለት ጊዜ ማባዛት ነው እንጂ ከፍታውን አይነግረንም።

አሁን አብራችሁኝ በሉ። ጉልበቱ መጀመሪያ ላይ ነው፦ ኤክ-ሰ-ለንት። አንድ ጊዜ ደግሞ፦ ኤክ-ሰ-ለንት። ብዙዎቻችን «ኤክሴሌንት» እያልን መሃሉን እንጎትተዋለን፤ መሃሉ አጭር ነው፤ አትጎትቱት። ግሱ ሲሆን ግን ጉልበቱ ወደ ኋላ ይሄዳል፦ ኢክ-ሴል። ቢሮ ያላችሁ ሁሉ በየቀኑ የምትከፍቱት፣ እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው የሠንጠረዥ ፕሮግራም ስሙ ይኸው ግስ ነው፤ «ላቅ፣ ብለጥ» እንደ ማለት። አጻጻፉ ላይም ልብ በሉ፦ ግሱ ብቻውን ሲቆም በአንድ «ኤል» ይጻፋል፤ «ኤክሴልስ» ሲሆንም አንድ ነው፤ ኃላፊ ጊዜ ሲሆን፣ «ኢንግ» ሲጨመርበትና «ኤክሰለንት» ሲሆን ግን «ኤል» ሁለት ይሆናል። «ኤክስ» ከተጻፈ በኋላ ያለችውን «ሲ» መርሳት ደግሞ የተማሪ ደብተር ሁሉ ስሕተት ነው፤ ድምፅዋ በ«ኤክስ» ውስጥ ስለሚዋጥ ጆሮ አይነግራቸውም። እጃቸው እስኪለምድ ማስጻፍ ነው።

«ቬሪ ኤክሰለንት» ይባላል ወይ? በዛሬው እንግሊዝኛ አይባልም። ምክንያቱ መለኪያው ነው፤ ጫፍ ላይ ያለን ነገር «በጣም ጫፍ ላይ» አትሉትም። ማጠንከር ከፈለጋችሁ «አብሶሉትሊ ኤክሰለንት» ወይም «ትሩሊ ኤክሰለንት» በሉ። አንድ አንባቢ ተነሥቶ «በ1611 እ.ኤ.አ. የታተመው የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ ‹ሞር ኤክሰለንት› ይል የለም ወይ?» ቢል እውነቱን ነው። በቆሮንቶስ አንደኛ መልእክት ምዕራፍ 12 መጨረሻ ላይ አለ። በዚያ ዘመን ቃሉ «ሞር» እና «ሞስት» መቀበሉን ገና አልተወም ነበር። የእኛ ተርጓሚዎች እዚያው ቦታ ላይ ምን አሉ? «ከሁሉ የሚበልጥ መንገድ»። አያችሁ፣ «እጅግ በጣም ጥሩ መንገድ» አላሉም። መለኪያውን አገኙት።

ከዚሁ ቤት ሌላ ልጅ አለ፦ «ኤክሰለንሲ»። ይኼ የማዕረግ ስም ነው፤ የእኛ «ክቡር» ነው። ሰውየውን ስታነጋግሩ «ዩር ኤክሰለንሲ»፣ ስለ እሱ ስትናገሩ «ሂዝ ኤክሰለንሲ»፣ ሴት ከሆኑ «ኸር ኤክሰለንሲ»። ጸሐፊዎች ሆይ፣ አንድ ነገር ያዙልኝ፦ «ዩር ኤክሰለንሲ» ስትሉ የሚከተለው ግስ በሦስተኛ መደብ በነጠላ ነው፤ «ሃዝ» እንጂ «ሃቭ» አይደለም። ማዕረጉን ሰው ለራሱ በፊርማው ላይ አይጽፈውም፤ ሌላ ሰው ነው የሚሰጠው። በሉቃስ ወንጌል መክፈቻ ላይ እንግሊዝኛው «ሞስት ኤክሰለንት ቴዎፍሎስ» ያለውን አማርኛው «የከበርህ ቴዎፍሎስ ሆይ» ብሎታል። እዚያ የተፈለገው ጥሩነቱ ሳይሆን ማዕረጉ ስለሆነ ነው።

ወደ ዘመዶቹ እንሂድ። ከከፍታ ቤት ሳንወጣ «ሱፐርብ» አለ። ሥሩ «ሱፐር»፣ «ከላይ» ማለት ነው። በላቲን «ሱፐርቡስ» ትዕቢተኛ ሰው ነው፤ ከሰባቱ ዐበይት ኃጢአቶች አንዱ «ሱፐርቢያ» ይባላል፤ ትዕቢት ማለት ነው። እንግሊዝኛ ትዕቢቱን ጥሎ ግርማውን አስቀረ። ስለዚህ «ሱፐርብ» ሲባል ግርማ ያለው ነገር ቢሆን ይመረጣል፦ ሕንፃ፣ እይታ፣ ዝግጅት፣ የመድረክ ሥራ። ከመንዝ ጓሳ ላይ የሚታየውን ገደል «ሱፐርብ» በሉት፤ ያምርበታል። የተማሪ የሒሳብ ፈተናን ግን «ሱፐርብ» ማለት ለትንሽ ልጅ የአባቱን ካባ እንደ ማልበስ ነው።

አማርኛችንም የከፍታ ቃል አያጣም። «የክፍሉ ቁንጮ» እንላለን፤ ቁንጮ የሕፃን ልጅ ራስ መሃል ላይ የሚተወው ፀጉር ነው፤ ጫፉ ማለታችን ነው። ደግሞ አዛውንቶቻችን ነገር ሲያምራቸው ምን ይላሉ? «ማለፊያ!» ይላሉ። «ማለፊያ ጠላ»፣ «ማለፊያ በሬ»። ቃሉ «አለፈ» ከሚለው ነው፤ ሌላውን ያለፈ፣ የበለጠ ማለት ነው። እንግሊዝኛም «ሰርፓስ» ሲል በላይ አልፎ ሄደ ማለቱ ነው፤ «ሰርፓሲንግ» የሚለው ሙገሳ ሲፈታ ማለፊያ ነው። ልጆች፣ ዛሬ «ማለፊያ» ሲባል የምትሰሙት «ማለፊያ ነጥብ» የሚለውን ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ዝቅተኛው ወሰን ነው። አንድ ቃል ለአያትህ ከሁሉ በላይ፣ ለአንተ ደግሞ ለጥቂት መትረፍ! የእንግሊዝኛውም ቃል እንዲህ ይንሸራተታል፤ ለዚህ ነው ዕድሜውን ማወቅ የሚጠቅመው።

ሁለተኛው መለኪያ መለየት ነው። «ኤክሰፕሽናል» ሲፈታ «ከሌሎቹ መካከል የወጣ» ማለት ነው፤ «ዲስቲንጉዊሽድ» ደግሞ «ተለይቶ የታወቀ» ነው። የእኛው «ልዩ» ነው፤ «ለየ» ከሚለው የመጣ። እዚህ ላይ አደጋ አለ። የተለየ ነገር ሁሉ የበለጠ አይደለም! «ኤክሰፕሽናል ሰርከምስታንስ» ማለት «ያልተለመደ ሁኔታ» ነው እንጂ «ድንቅ ሁኔታ» አይደለም። በአሜሪካ የትምህርት ጽሑፍ «ኤክሰፕሽናል ችልድረን» የሚለው ሐረግ ልዩ ተሰጥኦ ያላቸውንም ልዩ ፍላጎት ያላቸውንም ልጆች ያጠቃልላል። ይህን «ጎበዝ ልጆች» ብሎ የተረጐመ ሰው ሰነዱን በሙሉ አበላሸው። ደግነቱ አማርኛው ራሱ ያስተምረናል፦ «ልዩ ተሰጥኦ»፣ «ልዩ ፍላጎት»። ሁለቱም ልዩ ናቸው።

ከዚህ ቤት የወጣ አንድ ቃል ደግሞ ለመንዝ ሰው ሳልነግረው አላልፍም። «ኢግሪጂየስ» የሚባል ቃል አለ። በላቲን «ግሬክስ» መንጋ ነው። «ኤክስ» ሲጨመርበት «ከመንጋው የወጣ» ይሆናል። በግ አርቢ ይህን በደንብ ያውቃል፦ ከመንጋው ለይተህ የምታስቀረው አውራ በግ አለ፤ ከመንጋው ለይተህ ገበያ የምታወጣውም አለ። ሁለቱም ከመንጋው ወጥተዋል፤ ዕጣቸው ግን ለየቅል ነው። ይህ ቃል በ16ኛው ክፍለ ዘመን እ.ኤ.አ. ወደ እንግሊዝኛ ሲገባ የክብር ቃል ነበር፤ የተከበረ፣ የታወቀ ማለት። ያ ክፍለ ዘመን ሳያልቅ ግን ለመጥፎው መነገር ጀመረ፤ ዛሬ «ኢግሪጂየስ» ማለት «ዓይን ያወጣ» ጥፋት ነው። «ኢግሪጂየስ ኤረር»፤ ዓይን ያወጣ ስሕተት። አሮጌ መዝገበ ቃላት አይታችሁ ሰው እንዳታመሰግኑበት፣ አደራ!

ሦስተኛው መለኪያ መመረጥ ነው። «ቾይስ» እንደ ቅጽል ሲገባ «ምርጥ» ነው፤ «ሴሌክት»ም እንደዚያው፤ «ኤሊት»ም ከላቲኑ «መምረጥ» በፈረንሳይኛ በኩል የመጣ ነው። አማርኛ ግን «ኤሊት»ን «ልሂቅ» ብሎ ተረጐመው። «ልሂቅ» ከግእዙ «ልህቀ» ነው፤ ማደግ፣ መብሰል፣ መሸምገል። «ሊቅ»ም ከዚያው ነው። እንግሊዝኛው የተመረጠውን ያያል፤ አማርኛው በዕድሜና በዕውቀት የበሰለውን ያያል። እኔ በበኩሌ የእኛው መለኪያ ከባድ ነው ባይ ነኝ፤ መመረጥ በአንድ ቀን ይሆናል፤ መብሰል ግን አይሆንም።

«ምርጥ» የሚል ቃል አየሁ ብላችሁ ግን ከሁሉ በላይ ነው ብላችሁ አትቸኩሉ። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት የበሬ ሥጋን ደረጃ ሲያወጣ የላይኛው «ፕራይም» ነው፤ ቀጥሎ «ቾይስ»፤ ከዚያ በታች «ሴሌክት»። ሁለቱ የ«መረጠ» ቃላት ሁለተኛና ሦስተኛ ናቸው! ደረጃ ባለበት ቦታ ቃሉን ብቻውን አትመልከቱት፤ መሰላሉን በሙሉ ዘርግታችሁ ስንተኛው ርብራብ ላይ እንዳለ ቁጠሩ። እኛስ ብንሆን? የምንጃር ጤፍ ነጋዴ «ማኛ»፣ «ነጭ»፣ «ሰርገኛ»፣ «ቀይ» ብሎ ይለያል። «ነጭ ጤፍ» ሲል ቀለሙን ብቻ መናገሩ አይደለም፤ ከማኛ በታች፣ ከሰርገኛ በላይ ማለቱ ነው። እንግዲህ «ማኛ ጤፍ»ን ለውጭ ገዢ እንዴት ትጽፉታላችሁ? «ኤክሰለንት ጤፍ» ብትሉት ሻጩ የራሱን ዕቃ ሲያሞግስ ይመስላል፤ ገዢው ደረጃ መሆኑን አያውቅም። «ቶፕ ግሬድ ዋይት ጤፍ» በሉት፤ «ማኛ» የሚለውንም ስም አብራችሁ አስቀሩ። ሙገሳ ሳይሆን ደረጃ እንደሆነ ያኔ ይገባዋል።

ደረጃ ካነሣን ዘንድ «ፈርስት ሬት»ን ላንሣ። ይህ ቃል ከእንግሊዝ ባሕር ኃይል የመጣ ነው። የጦር መርከቦቻቸውን ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ ይመድቧቸው ነበር፤ በ18ኛው ክፍለ ዘመን እ.ኤ.አ. 100 መድፍና ከዚያ በላይ የተሸከመችው መርከብ አንደኛ ደረጃ ትባል ነበር። ያኔ «ሴከንድ ሬት» ስድብ አልነበረም፤ ትልቅ የጦር መርከብ ነበረች። ዛሬ ግን ሰውን «ሴከንድ ሬት» ብትሉት ሰደባችሁት፤ «ተራ» አላችሁት ማለት ነው። «ሁለተኛ ደረጃ» የምትለዋን በቀጥታ እንዳታስገቧት።

አራተኛው ፍርሃት ነው። አዎ፣ ፍርሃት! «ቴሪፊክ» በ17ኛው ክፍለ ዘመን እ.ኤ.አ. ሲገባ «አስፈሪ» ማለት ነበር፤ «ቴሪብል» የሥጋ ወንድሙ ነው። አንዱ ወደ ሙገሳ ወጣ፣ አንዱ እዚያው ቀረ። «ኦሰም»ም «ኦ» ከሚለው፣ ከፍርሃትና ከአክብሮት አንድ ላይ የመጣ ነው። ይህ ለእኛ አዲስ ነገር ነው ወይ? አይደለም! «ግሩም» የሚለው ቃላችን በግእዝ «ገረመ» ነው፤ የሚያስፈራ፣ የሚያስደነግጥ ማለት። ዳዊት የደገመ ሰው «ግሩም» ሲል የሚሰማው መንቀጥቀጥ ነው እንጂ የምግብ ጣዕም አይደለም። «ዕፁብ» ደግሞ ጭንቅ፣ ከባድ ማለት ነበር። ዛሬም ወጣቶቻችን «አደገኛ ተጫዋች» ሲሉ ማመስገናቸው ነው። የሰው ልጅ ከዓቅሙ በላይ የሆነ ነገር ሲያይ መጀመሪያ ይደነግጣል፤ ከዚያ ያደንቃል። እንግዲህ «ግሩም ስብከት» ቢባልላችሁ «ኦሰም» ማለት ሥሩ ይገጥማል፤ ግን አትቸኩሉ፤ «ኦሰም» ዛሬ የወጣት ቋንቋ ሆኗል፤ የእኛን «አሪፍ» ያህል ቀሏል። በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ላይ «ኦሰም»፣ «ቴሪፊክ»፣ «ፋንታስቲክ» አይጻፉም። «ፋንታስቲክ» በመሠረቱ «ምናባዊ» ነው፤ «ፋቡለስ» ደግሞ የተረት ነው። ለወዳጅ ይሁኑ።

«ብሪልያንት»ን በአጭሩ፦ የሚያበራ ማለት ነው፤ «ብሩህ»። ለአእምሮና ለሐሳብ ይሆናል። እንግሊዞች በየቀኑ ለተራ ነገር ሁሉ ይሉታል፤ «ሻይ መጣ፤ ብሪልያንት» ይላሉ፤ አሜሪካኖች ግን ብዙ ጊዜ ለእውነተኛ ብልህ ይቆጥቡታል። የብርሃን ከተማ ሰዎች ስለሆናችሁ ይህን አታጡትም።

አምስተኛው መለኪያ ፍጻሜ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። «ፐርፌክት» ማለት «ተሠርቶ ያለቀ» ነው። «ፋይን»ም የመጣው ከላቲን «ፊኒስ»፣ ከ«መጨረሻ» ነው። እኛስ? «ፍጹም» እንላለን፤ «ፈጸመ» ከሚለው! ሦስቱም በአንድ ሐሳብ ይገናኛሉ፦ የሚጨመርበት የቀረ ነገር የለም። ሰዋስው መምህራን፣ ተማሪዎቻችሁ «ፕረዘንት ፐርፌክት» ለምን «ፐርፌክት» እንደተባለ ሲጠይቋችሁ ይህን ንገሯቸው፤ ጊዜው ምርጥ ስለሆነ ሳይሆን ድርጊቱ ተፈጽሞ ስላለቀ ነው። በፍርድ ቤት የሚከፈለው መቀጮ «ፋይን» የተባለውም ከዚሁ ነው፤ ገንዘቡ ተከፍሎ ጠቡ የሚያልቅበት ስለሆነ።

«ፋይን» ግን ከሁሉም በላይ የሚያሳስተን ቃል ነው፤ ምክንያቱም ያለቀለት ነገር ብዙ ጊዜ ቀጭንና ደቃቅ ነው። «ፋይን ፍላወር» ማለት ጥሩ ዱቄት ሳይሆን ልም ዱቄት ነው። «ፋይን ሳንድ» ደቃቅ አሸዋ ነው። «ፋይን ፕሪንት» በውል ግርጌ በደቃቅ ፊደል የተጻፈው ነው፤ እሱን ሳታነቡ አትፈርሙ። «ፋይን ጎልድ» ንጹሕ ወርቅ ነው፤ የወርቅ ንጽሕና ከ1,000 ተቆጥሮ ሲነገር 18 ካራት 750 ይሆናል። የብርድ ልብስና የበርኖስ አገር ስለሆነ ደግሞ ይህን አጥብቄ ልናገር፦ በበግ ፀጉር ንግድ «ፋይን ዉል» ማለት የፀጉሩ ቅጥነት ነው እንጂ ሙገሳ አይደለም። የሚለካው በማይክሮን ነው፤ አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺሕኛ ነው። የሜሪኖ በግ ፀጉር ብዙውን ጊዜ ከ25 ማይክሮን በታች ነው። የመንዝ በግ ፀጉር ሻካራ ነው፤ በእንግሊዝኛ «ኮርስ» ይባላል። ሻካራ መሆኑ ነውር አይደለም! ለበርኖስ፣ ለባና፣ ለምንጣፍ ጥንካሬ የሚሰጠው እሱ ነው። ስለዚህ በርኖስ ስታስተዋውቁ «ፋይን ዉል» ብላችሁ አትጻፉ፤ ገዢው ለስላሳ ጠብቆ ሻካራ ሲያገኝ የተታለለ ይመስለዋል። «ኤክሰለንት ኳሊቲ፣ ኮርስ ሃይላንድ ዉል» ብትሉ እውነትም ነው፤ ያኮራልም።

አሁን ወደ ሦስተኛው፣ ወደ ሥራ።

አስጎብኚዎች! እንግዳችሁን ቡና ልቅዳልህ ስትሉት «አይም ፋይን» ወይም «አይም ጉድ» ቢላችሁ ምን ማለቱ ነው? «ደኅና ነኝ»? አይደለም። «ይበቃኛል፣ አመሰግናለሁ» ማለቱ ነው። እኛ አገር ሰው ሦስት ጊዜ ካልተለመነ ስለማይቀበል፣ የተናገረውን እንደ ይሉኝታ ቆጥረን «በሞቴ» እያልን እንቀዳለታለን። አንድ ጊዜ ድገሙለት፤ ሁለተኛ «አይም ፋይን» ካለ ተዉት።

ጸሐፊዎችና የሒሳብ ሠራተኞች! «አውትስታንዲንግ» ማለት «ወደ ውጭ ወጥቶ የቆመ» ነው። ሰው ሲሆን ከጓደኞቹ ወጥቶ የሚታይ ነው፤ ብድር ሲሆን ግን ሳይከፈል ቆሞ የቀረ ነው። «አውትስታንዲንግ ፔይመንት» ድንቅ ክፍያ አይደለም፤ ያልተከፈለ ቀሪ ዕዳ ነው። «አውትስታንዲንግ ኢሹስ» እልባት ያላገኙ ጉዳዮች ናቸው። መለያው ቀላል ነው፦ አጠገቡ ገንዘብ፣ ጉዳይ ወይም ጥያቄ ካለ «ቀሪ» ብላችሁ ፍቱት፤ ሰው ወይም የሰው ውጤት ካለ «ጎልቶ የወጣ» በሉት።

ቅጽ የምትሞሉ ሁሉ! «ፌር» የሚል ሳጥን ስታዩ «ፍትሐዊ»ም «ቆንጆ»ም አይደለም። «ኤክሰለንት፣ ቬሪ ጉድ፣ ጉድ፣ ፌር፣ ፑር» በሚል መሰላል ላይ ከታች ሁለተኛው ነው፤ «ምንም አይልም፣ ይሻሻል» እንደ ማለት። በዚያ መሰላል ላይ «ጉድ» ራሱ መሃል ላይ ነው ያለው፤ ሙገሳ አይደለም።

መምህራን ሆይ፣ ደግሞ አንድ ነገር። «ኤክሰለንት!» ተብሎ ብቻውን ሲነገር ቅጽል መሆኑ ይቀርና ቃል አጋኖ ይሆናል። ያኔ ትርጉሙ «እጅግ በጣም ጥሩ!» ቢሆን አፍ አይሞላም። የእኛው «ጎሽ!» ነው፤ «አበጀህ!»፣ «አበጀሽ!» ነው። ግን «ጎሽ» ለማን ይባላል? ለልጅ፣ ለታናሽ። ለሸማግሌ «ጎሽ» የሚል የሸዋ ልጅ የለም! የእንግሊዝኛው «ኤክሰለንት!»ም ብዙ ጊዜ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ነው፤ አስተማሪ ለተማሪ፣ አለቃ ለሠራተኛ። አለቃችሁ ሐሳብ ሲያቀርቡ «ኤክሰለንት!» ብላችሁ አትፍረዱላቸው፤ «ዛት ኢዝ አን ኤክሰለንት አይዲያ» ብላችሁ ሙሉ ዓረፍተ ነገር አድርጉት፤ ያኔ አክብሮቱ ይመለሳል።

የድጋፍ ደብዳቤን መጨረሻ ላይ ያቆየሁት ስለሚያንገበግበኝ ነው። ልጆቻችን ለትምህርት ዕድል ሲያመለክቱ የምንጽፍላቸውን ታውቁታላችሁ፦ «ኤክሰለንት፣ አውትስታንዲንግ፣ ብሪልያንት፣ ሃርድ ወርኪንግ ስቱደንት»። አራት ሙገሳ፣ አንድም መለኪያ የለም! የሚያነበው ሰው በዚያ ቀን ሃምሳ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲያነብ ውሏል። ልጅቷ በእውነት የላቀች ብትሆን እንኳ በምን ያውቃል? ቃላቱ እርስ በርሳቸው ተሻሙባት።

እንዲህ አድርጉ። ከአራቱ አንዱን ምረጡ፤ በመለኪያው ምረጡ። ከክፍል ጓደኞቿ በውጤት በልጣ ከሆነ «ኤክሰለንት»፤ ሐሳቧ የሚያበራ ከሆነ «ብሪልያንት»፤ ከሌሎቹ ተለይታ የምትታይ ከሆነ «ኤክሰፕሽናል»። ከዚያ ወዲያው ከማን እንደበለጠች ጻፉ፦ «ሁለት ዓመት ባስተማርኳቸው 58 ተማሪዎች ውስጥ በፊዚክስ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት አንዷ ናት» ማለት ይቻላል። ቀጥሎ አንድ ሥራዋን ግለጹ፤ ምን እንደሠራች፣ በምን ያህል ጊዜ፣ ውጤቱ ምን እንደሆነ። መስተዋድዱንም አትርሱ፤ የትምህርት ዓይነት ሲሆን «ኤክሰለንት ኢን»፣ የሚሠራ ነገር ሲሆን «ኤክሰለንት አት»። ቅጹ ሳጥን ካለውም ሁሉንም «ኤክሰለንት» ላይ አታድርጉ፤ አንድ ሁለቱን በእውነት «ቬሪ ጉድ» ላይ ስታስቀምጡ የቀሩት «ኤክሰለንት»ዎች ይታመናሉ። ለልጅቷ ስታዝኑ አሥሩንም ጫፍ ላይ ብታደርጉ ግን ጣርማበርን ያለ ደብረ ሲና አቆማችሁ፤ ከፍታው አይታይም።

በሉ፣ አሁን ወረቀት እየታደለ ነው። ስምንት የአማርኛ ዓረፍተ ነገሮች አሉበት፤ «ማለፊያ በርኖስ»፣ «ግሩም ገደል»፣ «ቀሪ ብድር»፣ «ልም ዱቄት»፣ «ልዩ ፍላጎት»፣ «ማኛ ጤፍ»፣ «የክፍሉ ቁንጮ» እና «የተከበሩ አምባሳደር» በየዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ይገኛሉ። ሁለት ሁለት ሆናችሁ በ20 ደቂቃ ወደ እንግሊዝኛ መልሷቸው፤ ከእያንዳንዱ ጎን መለኪያው ምን እንደሆነ በአንድ ቃል ጻፉ፦ ከፍታ፣ መለየት፣ መመረጥ፣ ፍርሃት፣ ፍጻሜ ወይም ደረጃ። የሙገሳ መለኪያ የሌለው አንድ አለ፤ እሱንም ፈልጉት። መዝገበ ቃላት መክፈት ይፈቀዳል። ከኋላ ያላችሁ፣ ወረቀት ያልደረሳችሁ፣ እጃችሁን አንሡ።